ትንፋሽ የሚቆጥሩት ሚስዝ ስታልማን

እሱ ከሌለ ፋብሪካው የሚፈርስ የሚመስለው ሰው የሌለበት ፋብሪካ የለም። የኛ የካምደኑ ፋብሪካ ዕጣ ክብርት ሚስዝ ሄድቪግ ስታልማን ናቸው።

ክፍላችን ለካሜራ ቱቦ የሚገባ የሽቦ ወንፊት ይሠራል። ሽቦው ከፀጉር የቀጠነ ነው። ብርጭቆ የመሰለ ቅብ እንቀባዋለን፣ በምድጃ እንተኩሰዋለን፣ ደግመን እንቀባዋለን፤ ከዚያ ቀዳዳዎቹን በብር እንደፍናለን። ቅቡ ሳይደርቅ የምራቅ ፍንጣቂ ካረፈበት ብሩና ሽቦው ይነካካሉ፤ ቴሌቪዥን የሚሉት አዲስ ነገር ላይም ጥቁር ነጥብ ይወጣል።

ስለዚህ የሚስዝ ስታልማን ሕግ አንድ ነው፦ "ትንፍሽ እንዳትሉ።" ሌላ ሰው ይህን ሲል ዝም በሉ ማለቱ ነው። እሳቸው ግን የምራቸውን ነው፤ አትተንፍሱ ማለታቸው ነው።

የሥራ ባልደረባዬ ቤሉቺ ሽንኩርት በልቶ የመጣ ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እንዲውል ፈረዱበት።

"ሚስዝ ስታልማን፣ ሽንኩርት እኮ ሽቦ አይበላም" ቢላቸው፣

"ያንተው ይበላል" አሉት።

በእህታቸው ልጅ ጥምቀት ላይም ቄሱን "አባ፣ ፊትዎን ትንሽ ዘወር" ብለዋቸዋል ይባላል። ባላቸው የሞቱት ትንፋሻቸውን እንደያዙ ነው የሚለውን ሐሜት ያስወራሁት ግን እኔ ነኝ።

ባለሀብቶች ሊጎበኙን ሁለት ቀን ሲቀራቸው ሥራ አስኪያጁ ሚስተር ሃርግሮቭ ሰበሰቡን። "ከእንግዲህ ወንፊት ያበላሸ ሰው ኮቱን ይዞ ይውጣ። በሩ ላይ መቶ ሥራ ፈላጊ ቆሟል" አሉን። እውነታቸውን ነበር፤ በየጠዋቱ እየተጋፋን የምናልፈው በነሱ መካከል ነው።

በማግስቱ ሚስዝ ስታልማን በስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀሩ፤ ጥርስ ሊያስነቅሉ። እኔም እርጥቡ ቅብ ላይ አስነጠስኩ።

ለማንም አልተናገርኩም። ወንፊቱ ተተኮሰ፣ በብር ተደፈነ፣ የካሜራው ቱቦ ውስጥ ገባ።

የጉብኝቱ ቀን መሐንዲሱ ፕሩት በሚቀጥለው ክፍል ካሜራው ፊት ተቀመጠ። ፊቱ ከኛ ዘንድ የቴሌቪዥኑ መስታወት ላይ ወጣ። አፍንጫው ላይ አተር የምታህል ጥቁር ነጥብ ተቀምጣለች።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" አሉ ሃርግሮቭ።

ሚስዝ ስታልማን ነጥቧን አዩ፤ ቀጥለው እኔን አዩ። ከፊቴ ላይ ሁሉንም አነበቡ። አለቀልኝ፣ ኮቴን የት ነበር የሰቀልኩት እያልኩ ነበር።

"ማርያም የሳመችው ነው" አሉ፤ በዕድሜያቸው ዋሽተው የማያውቁት ሴትዮ። ወዲያው ስልኩን አንስተው "ሚስተር ፕሩት፣ እንዳይነቃነቁ፤ እንዲሁ እንዳሉ ያምርብዎታል" አሉት።

"አያቴም እንዲህ ያለ ነበራቸው" አለ አንዱ ባለሀብት፣ ልቡ ተነክቶ። ተጨበጨበ። ፕሩትን ባለሀብቶቹ ሳያዩት በጓሮ በር አስወጣነው።

ቅዳሜ ሚስዝ ስታልማን ንስሐ ገቡ። በማን ስም እንደዋሹ የሰሙት ቄስ አሥር የማርያም ጸሎት ሰጧቸው።

ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥተው ቆሙ።

"አምስቱ ያንተ ናቸው፣ ዶይል።"

"እኔ እኮ ቤተ ክርስቲያን አልሄድም፣ ሚስዝ ስታልማን።"

"ማን ሂድ አለህ? ድገም ነው ያልኩህ።"

አምስቱን ደገምኩ። ማንም ሳያዘኝ ደግሞ ስድስተኛ ጨመርኩ፤ ለእሳቸው።