አባባ ጫሞን ሊነኩ የወረዱ ዕለት

መኪና የሚነዳው መሪ የያዘው ሰው ነው ያለው ማን ነው? እኔ እስካሁን እንዳየሁት መሪ የያዘው ሰው መሪውን ብቻ ነው የሚይዘው። የሚነዳው ሌላ ነው። «ቀስ በል!»፣ «እለፈው እንጂ!»፣ «ጉድጓድ! ጉድጓድ!» እያለ ፍሬን የሌለበት ወለል ላይ እግሩን የሚደበድበው፣ ከጎን የተቀመጠው ነው። ሁለቱ ወንድማማች ከሆኑማ ጉዞው ጉዞ መሆኑ ይቀርና የርስት ክርክር ይሆናል። እኔ ከኋላ ሆኜ እጸልያለሁ። ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ሌላ ምን ሥራ አለው?

ነገሩን ያመጡት የባለቤቴ አባት፣ አባባ ሳንዶ ናቸው። የጨንቻ ሸማኔ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ደጃፋቸው ላይ ሲሸምኑ፣ ቀና ባሉ ቁጥር ጫሞ ሐይቅ ከታች ከሩቅ ይታያቸዋል። ክር ሲበጠስ ጫሞን ያያሉ፣ ክሩን ይቀጥላሉ፣ ደግሞ ያያሉ። እኛ ወዳለንበት ወደ አርባ ምንጭ ለገበያም ለለቅሶም ስንት ጊዜ ወርደዋል፤ ግን ጉዳያቸውን ጨርሰው ይመለሳሉ እንጂ ሐይቁ ዳር ደርሰው አያውቁም። ምን ሊያደርጉ? ሐይቅ ሠርግ የለበት፣ ለቅሶ የለበት! ዘንድሮ ግን አንዱን ዐይናቸውን ሞራ ሸፈነው፤ ሁለተኛውም ይደበዝዝ ጀመር። ልንጠይቃቸው የወጣን ዕለት፣ «ያ ውሃ እየራቀኝ ነው» አሉ። «ጨርሶ ሳይጠፋብኝ አንድ ቀን በእጄ ብነካው ደስ ይለኝ ነበር።»

ከአባት አፍ እንዲህ ያለ ቃል ወጥቶ ማን ይተኛል? ባለቤቴ ደምሴ ሐዋሳ ለሚኖረው ለታናሽ ወንድሙ ለታምሩ ደወለ። ታምሩ በቅርቡ መኪና ገዝቷል። አሮጌ ነው ማለት አይወድም፤ «ያገለገለ» ነው የሚለው። ሰውም ሲያረጅ እንዲህ ቢባል ምን አለበት?

ቀኑን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ጫሞ ወርዶ ዓሣ ሳይበሉ መመለስ የማይሆን ነው፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ደግሞ ለሚያውቁት ትቼ፣ ጾም ባልሆነ ወር ቅዳሜን ያዝኩ። ልጄ ማህሌት በበኩሏ ለጓደኞቿ ሁሉ «ባሕር ዳርቻ ልንሄድ ነው» ብላ አስወርታለች። «ሐይቅ ነው እኮ» ብላት፣ «እማ፣ ማዶው ካልታየ ባሕር ነው» አለችኝ። ማዶው ይታያል። ግን የልጅን ባሕር ማን ያደርቃል? አገራችን ባሕር የላትም እየተባለ ስንቆጭ እንኖራለን፤ ይኸው እኛ ቤት አንድ ተገኘ።

ጨንቻ ስንደርስ አባባ ወፍራም ቡሉኳቸውን ተከናንበው፣ ቆጮና የሚያቃጥል የቃሪያ ዳጣ በኮባ ቅጠል አስጠቅልለው ደጃፍ ቆመዋል። ከፊት ይቀመጡ ብንላቸው እምቢ አሉ። «ከፊት የሚቀመጥ ሰው ገደሉን ቀድሞ ያያል» አሉና ከእኔና ከማህሌት ጋር ከኋላ ገቡ። ደምሴ ከታምሩ ጎን ተቀመጠ። እንግዲህ ሁለት ሾፌር ያለው መኪና ቁልቁለቱን ተያያዘው።

ቆላው እየቀረበ ሲመጣ ሙቀቱ እንደ ምጣድ ፊታችን ላይ ይነፍስ ጀመር። «አባባ፣ ቡሉኮውን ላውልቅልዎት?» ብላቸው፣ «ሙቀቱ የአገሩ ነው፣ ቡሉኮው የእኔ ነው፤ ምን አገናኛቸው?» አሉኝ። ከፊት ደግሞ ታምሩ መስኮት ይከፍታል፣ ደምሴ «አባቴን ነፋስ ሊመታው ነው» ብሎ ያዘጋል፤ ታምሩ «በላብ ልናልቅ ነው» ብሎ መልሶ ይከፍታል። መኪናው ራሱ ምርር ብሎት ይመስለኛል፣ አስፋልቱ ላይ ወጥተን በሙዝ እርሻ የተከበበችው ጫኖ ስንደርስ ማጨስ ጀመረ።

ታምሩ መኪናውን ዳር አስያዘና ሐሳብ አመጣ። የአባያ ሐይቅ ቅርብ ነው፤ መኪናው እስኪበርድ እዚያው ደርሰን ለምን አንመለስም? «ጋሼ፣ ውሃ ውሃ ነው» አለ። ደምሴ መቀመጫው ላይ ዞረ። «አባያ ቀይ ነው! አባቴ ሲያየው የኖረው ሰማያዊውን ነው። አሁን ወስደህ ቀይ ውሃ ብታሳየው፣ ዐይኔ ጨርሶ ጠፋ ብሎ አይደነግጥም?»

እውነት ለመናገር ነጥቡ ጥሩ ነበር። ጥሩ ነጥብ ግን በመጥፎ ድምፅ ሲነገር ማን ይሰማዋል? ከሐይቅ ተነሥተው ወደ ልጅነት ገቡ። ድሮ የጠፋችው ፍየል ተነሣች፤ ማን እንዳስጠፋት እስከ ዛሬ አልታወቀም። በመጨረሻ ታምሩ መኪና ውስጥ የማይነገረውን ቃል ተናገረ። «መኪናው የእኔ ነው!» አለ።

ደምሴ በሩን ከፍቶ ወረደ። «እንግዲያው መኪናህን ይዘህ ሂድ። አባቴን በባጃጅ እወስደዋለሁ።» ታምሩም ወረደ። «አባቴ? ለብቻህ ነው የወለደህ?» አባባን አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ ክንዳቸውን ይዘው ከመኪና አወጧቸው፤ ወዲህና ወዲያም ሳቧቸው። ገበያ የወጣ በግ እንኳ እንዲህ አይጎተትም። እኔም በልቤ፣ አለቀ፣ ዛሬ የሚነካ ውሃ የለም አልኩ።

አባባ ቀስ ብለው ክንዳቸውን አስለቀቁና ወደ ሙዙ እርሻ፣ ወደ መስኖው ቦይ ሄዱ። ለሽንት ነው ብለን ሁላችንም ፊታችንን አዞርን። ሲመለሱ እጃቸው ላይ ለምለም፣ ውሃው ያልተራገፈ ሣር ይዘዋል። መጡ፣ መጡና አስፋልቱ ላይ፣ ልጆቻቸው ፊት ተንበረከኩ።

በእኛ በጋሞ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከተንበረከከ ክርክር የለም። ጦር የያዘም ጦሩን ያወርዳል። ያንን ሣር ረግጦ የሚያልፍ ጎሜ ይይዘዋል፤ ጎሜ ነውር ብቻ አይደለም፣ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ዕዳ ነው። አባት ለገዛ ልጁ ሲንበረከክ ደግሞ እንዴት እንደሚከብድ አስቡት። ሣሩ የሚያስቆመው ታዲያ የተጣላውን ብቻ አይደለም፤ መንገደኛውንም ነው። አንድ ባጃጅ ቆመ። መንገድ ዳር ማንጎ የሚሸጡ ሴቶች ተነሥተው ቆሙ። ሙዝ እስከ አፉ የጫነ አይሱዙ ሲጢጥ ብሎ ቆመና ሾፌሩ ኮፍያውን አውልቆ ወረደ። ፊቱ ጠቁሯል። «ማን ሞቶ ነው?» አለኝ በሹክሹክታ።

ምን ልበለው? «ማንም አልሞተም፤ ሐይቅ እየመረጡ ነው» አልኩት።

ሰውዬው አየኝ፤ ሁለቱን ጎረምሶች አየ። ጎረምሶች እላለሁ፤ የአንዱ ፀጉር ሸብቷል። ከዚያ እሱም ከአባባ ጎን በርከክ አለ። «ወንድሞቼ፣ ስለ እመቤታችን ብላችሁ ታረቁ። የጫንኩት ሙዝ ነው፣ ሲሚንቶ አይደለም።»

ደምሴና ታምሩ ምድር ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። አባታቸውን ደግፈው አነሡ፤ ጉልበት ስመው ይቅርታ ጠየቁ። «እርስ በርሳችሁስ?» አሉ አባባ። ተጨባበጡ። መጨባበጥ ከተባለ ነው፤ ትኩስ ድንች እንደሚነካ ሰው በጣት ጫፍ ተነካኩ። ሾፌሩ አጨበጨበ። ማንጎ ሻጮቹ እልል አሉ። የቀዘቀዘው መኪናችንም ተነሣ፤ ያለ ክርክር ወደ ጫሞ።

ጫሞ ዳር አባባ ጫማቸውን አወለቁ። አልቸኮሉም። ዝቅ ብለው እጃቸውን ነከሩ፤ ፊታቸውን አበሱበት፤ ዐይናቸውንም። ለረጅም ጊዜ እጃቸውን ከውሃው አላወጡም። «ለካ ይንቀሳቀሳል» አሉ። «ከላይ ሳየው እኮ ዝም ያለ ነው የሚመስለው።» እኔም ነጠላዬን ወደ ዐይኔ ሰደድኩት፤ ለፀሐዩ ነው።

በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ዓሣችንን በዳጣ በልተን፣ እንሂድ ስንል ግን አባባ ጀርባቸውን ለሐይቁ፣ ፊታቸውን ለጨንቻ ተራራ ሰጥተው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። «እኔ ይኼን ሁሉ ዘመን አየሁት። እሱ እኔን እንዴት ሲያየኝ እንደኖረ ደግሞ ልይ እንጂ» አሉ። ተራራው ደመና ለብሷል። የጨንቻ ደመና መቼ ይገለጣል? እሱም እንደ አባባ ቡሉኮውን አያወልቅም። ጀምበር ማዘቅዘቅ ያዘች። መረባቸውን የሚሰበስቡ ዓሣ አጥማጆች፣ «እናንተ ሰዎች፣ ጉማሬ መውጫው ደርሷል» አሉን። ልጆቻቸው ለመኑ፤ እኔ ለመንኩ። አባባ ወይ ፍንክች።

ማህሌት ከስልኳ ቀና ሳትል፣ «ሣር ይዛችሁ ተንበርከኩላቸዋ!» አለች።

ደምሴ ከመኪናው አጠገብ ሣር ነጭቶ ከታምሩ ጋር ተንበረከከ። አባባ ሣሩን ተቀብለው፣ ክር እንደሚመርጡ ሁሉ በጣታቸው አሹት። «ደርቋል» አሉ። «ደረቅ ሣር ለአህያ ነው። ለሽማግሌ እርጥብ አምጡ።»

እርጥቡ ሣር ያለው ውሃው ጠርዝ ላይ ነው። እዚያ ደግሞ አንድ ግንድ ተጋድሟል። አንደኛው ዓሣ አጥማጅ ሣቅ እያለው፣ «ያ ግንድ ግንድ አይደለም» አለን። ግንዱ ዐይኑን ገለጠ።

ቀኑን ሙሉ ልቅደም ልቅደም ሲባባሉ የዋሉ ወንድማማቾች ያን ጊዜ ትሕትና ያዛቸው። «ጋሼ፣ ታላቅ አንተ ነህ፤ ቅደም።» «ኧረ አንተ ቅደም፤ መኪናው ያንተ አይደል!» በመጨረሻ ጎን ለጎን ሆነው፣ ዓሣ አጥማጁ ረጅም መቅዘፊያ ይዞ ከፊት እየመራቸው፣ በእግር ጣታቸው ሄዱ።

እነሱ እዚያ ሲያጎነብሱ ደመናው ገለጥ አለ። ለአፍታ ነው፤ ተራራው ላይ አንድ ቆርቆሮ በጀምበሯ ብልጭ አለ። «አባባ፣ ያው!» አለች ማህሌት። አባባ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጥለው አዩ። «አየሁት» አሉ። የእሳቸው ቤት ይሁን የሌላ ሰው አልጠየቅኩም። እንዲህ ያለውን የሚጠይቅ ምራት አይደለችም፣ ቆጣሪ አንባቢ ናት።

ከዚያ ድንጋዩን ትተው ተነሡ፤ ቀጥ ብለው ሄደው ከፊት መቀመጫ ገቡ። «ገደሉስ?» ብላቸው፣ «አሁን ሽቅብ ነው» አሉ። ወዲያው ወደ ሐይቁ እየጠቆሙ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እስቲ እዪልኝ ልጄ፤ እጅ ለእጅ ተያይዘዋል?» አሉኝ። አየሁ። እንደ ሙሽራና ሚዜ ጥብቅ ብለው ተያይዘዋል። «ተያይዘዋል» አልኳቸው።

«አይ ልጅ! እኔ አስፋልት ላይ ስንበረከክላቸው በጣት ጫፍ፤ ለአዞ ግን በሙሉ እጅ።»

ብዙም ሳይቆዩ፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ የሆኑት ሁለቱ ጎረምሶች ለምለም ሣር ከፍ አድርገው እየሮጡ መጡ። ላብ ዐይናቸውን ጋርዶታል፤ ቀና ብለው አላዩም። አንገታቸውን ደፍተው ድንጋዩ ፊት ዱብ አሉና «ይቅር በለን አባታችን! እባክህ ተነሥልን!» አሉ በአንድ ድምፅ።

አባባ በመስኮቱ ብቅ አሉ። «ድንጋዩ ይቅር ብሏችኋል» አሉ። «ተነሡና ንዱ፤ መሽቷል።»