ተኪላ በአራስ ገንፎ

ተኪላ ጠጥቶ አንጎበር የማይነካው ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በደርግ ጊዜ አሰላ ውስጥ አይቻለሁ፤ የቀበሌያችን ካድሬ ነበር። ኩባ ለትምህርት ተልኮ ያተረፈው ነገር ቢኖር አንድ ካርቶን ተኪላ የሚሉት የሜክሲኮ አረቄና «ሆድ በቅቤ ካልተለሰነ ጠዋት ራስ ይፈነዳል» የሚል መመሪያ ነው።

ታዲያ ቅቤውን ከየት ያመጣል? ከገበያ እንዳትሉኝ! በሰፈሩ የወለደች ሴት ያፈላልጋል። አራስ ጠያቂን ገንፎ ሳያቀምሱ መሸኘት ነውር መሆኑን ያውቃላ፣ ሆዳም!

እህቴ የወለደች ዕለት ጠርሙሱን ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ሸጉጦ መጣ። በየስብሰባው «እግዜር የለም» እያለ የሚያደነቁረን ሰውዬ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» ብሎ ገንፎው ፊት ተሰየመ። ከዚያ መሀሉ ላይ የተሞላውን ቅቤ ይጨልፈው ጀመር። ቤታችን ውስጥ የቀረው ቅቤ ያ ብቻ ነበር።

«ጓድ፣ ለአራሷም ትንሽ ይተዉላት እንጂ» አለች እናቴ።

«እማማ፣ አብዮቱ ጤነኛ ጭንቅላት ይፈልጋል!» አለና ሳህኑን ጠረገው። ከዚያ ጠርሙሱን አውጥቶ እስከ ጭላጩ ጨለጠው።

በማግስቱ ስብሰባ ጠርቶ፣ ዓይኑ ጥርት ብሎ፣ በሰው ላብ የሚኖሩ አድኃሪያንን ሲያወግዝ አረፈደ። እኛም አጨበጨብንለት፤ ምን እናድርግ? እህቴ ግን አንዲት ጠብታ መጠጥ ሳትቀምስ፣ በባዶ ሆዷ ራሷ ሲዞርባት ዋለ።