ሦስቱ የካርቶን ክቦች

ሰው መጋዝ ከያዘ ማሰብ ይጠላል። የእናንተን አላውቅም፤ የእኛ የአምቦ ሰፈር ሰው ግን መጀመሪያ ይቆርጣል፣ ከዚያ «ምን ነበር የምንሠራው?» ይላል። እኔ ደግሞ ዓይነ አፋር ነኝ። አስቤ ጨርሼ ለመናገር ድፍረቱ ሲመጣልኝ እንጨቱ ሁለት ሆኖ ያርፋል።

እናቴ ከገደል ሥር ከሚፈሰው ከሁሉቃ ወንዝ ውሃ እየተሸከመች አፋፉ ላይ ያለውን የጎመን ችግኟን ታጠጣ ነበር። ወገቧን አሟት የጤና ረዳቱ ሸክም ሲከለክላት ችግኙ መጠውለግ ጀመረ። አጎቴ ኦቦ ቶለራ «ውሃ ማውጫ እሠራለሁ» ብለው ተነሡ። ሥራቸው ጋሪ መሥራት ነው፤ ጋሪ ሠሪ ምን ያስባል? ጎማ። የመጀመሪያው በጎማ የሚጠቀለል ገመድ ነበር። ባልዲው ይወጣል፣ ሲለቁት ግን ተወርውሮ ወርዶ እጀታውን ይሰብራል። ሁለተኛው ያው ጎማ ነው፣ ተለቅ ብሎ። እሱም ሰበረ። የቀረን አንድ ረጅም ባሕር ዛፍ ብቻ ነበር።

እሳቸው ምሳ ሲበሉ፣ ከኅብረት ሱቅ የሳሙና ካርቶን ላይ ሦስት ክቦች ቆርጬ፣ ትንሹን በትልቁ ላይ ደርቤ እንዲዞሩ መሃላቸውን በአንድ ምስማር ወጋሁት። በትልቁ ላይ ኃይል የሚሰጠውን ጻፍኩ፦ እጅ፣ አህያ፣ ወንዙ። በመካከለኛው የሚያነሣውን፦ ጎማ፣ ገመድ፣ ረጅም እንጨት። በትንሹ ሲወርድ የሚይዘውን፦ ላስቲክ፣ ድንጋይ፣ ሌላ ሰው። አንዱን ክብ ባዞርኩ ቁጥር አዲስ ማሽን ይወለዳል። ማሰቡን ለካርቶኑ ተውኩለት፤ የእኔ ሥራ የማይሆነውን መሰረዝ ሆነ። «ወንዙ፣ ገመድ፣ ሌላ ሰው» ሲመጣ ብቻዬን ሳቅሁ።

አጎቴ ባሕር ዛፉን ለሌላ ጎማ ሊቆርጡ መጋዛቸውን ይዘው መጡ። እስክናገር መጋዙ እንደሚቀድመኝ ስለማውቅ እንጨቱ ላይ ተቀመጥኩ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ተነሺ! ከእንጨቱ ጋር ልቁረጥሽ?»

አልተነሣሁም። ካርቶኑን ዘረጋሁላቸው። በእርግጥ ጎማን ፈልገው አገኙ።

«አህያ፣ ጎማ፣ ላስቲክ... አህያዋን ማን እዚህ ገደል አፋፍ ያቆማታል?» ትንሹን ክብ በጣታቸው ነካ አደረጉት። «የሚይዘው... ለካ የእኔ ጎማ የሚይዘው የለውም!»

ደግመው አዞሩ። እጅ፣ ረጅም እንጨት፣ ድንጋይ። መጋዙን መሬት አስቀመጡ።

ባሕር ዛፉ ሳይቆረጥ ባላ ላይ ተጋደመ፤ በአንድ ጫፉ ድንጋይ፣ በሌላው በገመድ የተንጠለጠለ ባልዲ። እናቴ ገመዱን ወደ ታች ሳብ ታደርጋለች፣ ሞልቶ ሲመለስ ድንጋዩ ያግዛታል። ወገቧን ሳትይዝ ሦስት መደብ አጠጣች።

ጎረቤት ተሰበሰበ። «ማን አሰበው?»

«ይሄ ነው ያሰበው!» አሉ አጎቴ፣ ካርቶኑን ከፍ አድርገው።

እናቴ የእጅ ጽሑፌን አየች፣ እኔን አየች። በዓይኔ ለመንኳትና ዝም አለች። ቅር አላለኝም። «ልጅቷ ናት» ቢባል እስከ ማታ ይከራከሩ ነበር፤ ጎመን ደግሞ ክርክር አይጠጣም።