የወንዙ ትኩሳት

በየሰፈሩ ሳይለካ የማያምን አንድ ሰው አይጠፋም። ለእኛ የደረሱን ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ከጀርባቸው «ክብርት ቴርሞሜትር» እንላቸዋለን፤ ፊት ለፊት ግን «ሲስተር» ነው፣ ድፍረቱን ከየት አምጥተን። ደህና አደሩ ያላቸው ሰው ግንባሩ ሳይዳሰስ አያልፍም።

በሽተኛ ሲያጡ ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዞሩ። እኔ የምሠራበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማሽኖቹን ያቀዘቀዘበትን ውሃ ትኩሱን ወደ ወንዙ ይለቃል። ሰፈሩ ደስተኛ ነበር፤ ልብስ አጣቢዎች በነፃ የተገኘ ሙቅ ውሃ ማን ይጠላል ይላሉ። ሲስተር ግን ጠዋትና ማታ ቴርሞሜትር በገመድ አስረው ይነክራሉ፣ እንደ ታካሚ ካርድ ደብተር ላይ ይመዘግባሉ። «ከፋብሪካው በላይ ሃያ ሁለት፣ በታች ሠላሳ አራት። ታማሚው አልተሻለውም።» እኔን ባዩኝ ቁጥር «ያንተ ፋብሪካ» ይሉኛል፣ ከአባቴ የወረስኩት ይመስል።

በበጋ ወንዙ ሲጎድል ዓሣዎቹ አፋቸውን ከፍተው ላይ ላዩን ይንሳፈፉ ጀመር። ዓሣ አጥማጁ ጎረቤታችን ባዶ መረቡን ተሸክሞ የተመለሰ ዕለት ሲስተር እኔን ለምስክርነት እየጎተቱ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገቡ።

«እናቴ፣ ውሃው ንጹሕ ነው፤ መርዝ የለበትም» አላቸው ሥራ አስኪያጁ።

«ትኩሳትም መርዝ የለበትም ልጄ፤ ሰው ግን ይገድላል። ውሃ ሲሞቅ በውስጡ ያለው አየር ያንሳል፤ ዓሣው ይታፈናል።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ ዞረ። «እውነት ነው?»

ደመወዜም ልጆቼም አንድ ላይ ዓይኔ ላይ ዞሩ። «እውነት ነው» አልኩ።

አልተባረርኩም፤ የባሰ መጣብኝ። ውሃው ከመለቀቁ በፊት የሚበርድበት ኩሬ ሲቆፈር ተቆጣጣሪ ተደረግሁ። ሲስተር ደግሞ የእኔ ተቆጣጣሪ ሆኑ። «ሰፋ አድርጉት፤ ንፋስ ያግኘው» እያሉ ሁለት ወር ሙሉ ዳር ላይ ቆሙብኝ።

ባለፈው ሳምንት ጉንፋን ጥሏቸው ዋሉ። ልጠይቃቸው ብሄድ «እንዴት ነዎት?» ሳልል ቴርሞሜትሩን አስጨበጡኝ። ወደ ወንዙ ወርጄ፣ ነክሬ ተመለስኩ።

«ሃያ አራት» አልኳቸው።

«ስንት ደቂቃ ያዝከው?»

«አንድ።»

«ታማሚ እንዲህ አይለካም። ተመለስና ሦስት ደቂቃ ያዘው።»

ሰው ቢያየኝ ምን ይለኛል እያልኩ እንደገና ወረድኩ። አራት ደቂቃ ያዝኩት።