የእስካቫተሯ ሐኪሞች

በአገራችን ሲታመሙ ሐኪም የማያጡ ሁለት ፍጥረቶች አሉ፤ አንዱ ሰው፣ ሌላው መኪና። ጉንፋን የያዘው ሰው ሱቅ ደርሶ እስኪመለስ ከጤና አዳም እስከ መርፌ የማይታዘዝለት ነገር የለም። መኪናው መንገድ ላይ የቆመበት ሰውማ ይብሳል። ኮፈኑን ከፍቶ አንገቱን አስገብቶ ቀና ሲል፣ በዕድሜው ብስክሌት እንኳ ያልነዳ ሰው ከጀርባው ቆሞ «ፖምፓው ነው» ይለዋል። እኔ በዚህ ጉዳይ ከሌላው ሰው የተሻለ የመናገር መብት ያለኝ ይመስለኛል። በደርግ ጊዜ ድሬ ዳዋ ውስጥ የአንድ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበርኩ፤ ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ። ታዲያ አንድ ጊዜ በመንግሥት ትእዛዝ እስካቫተር መርምሬ አውቃለሁ። ከነማዳመጫዬ።

የምኖረው ከደቻቱ ዳር ነበር። ደቻቱ ወንዝ ነው ይባላል እንጂ ዓመቱን ሙሉ ውሃ አታዩበትም፤ ፍየል ይተኛበታል፣ ልጆች ኳስ ይራገጡበታል። ክረምት ላይ ግን ሐረር ተራራ ላይ ይዘንብና፣ እኛ እዚህ በጠራራ ፀሐይ እየተጠበስን ሳለ ጎርፉ ከች ይላል። ሌላው ሀገር ደመና አይቶ ልብሱን ከገመድ ላይ ያነሳል። እኛ ምን አይተን እናንሳ?

ጎርፉ ሲመጣ አንዱ ቅርንጫፉ ተገንጥሎ ወደ እኛ መንደር ይታጠፋል። ከመንገዱ አፍ ላይ ያለው ቤት የአዴ ዘይነባ ነው፤ ቀጥሎ የእኔ። ውሃው እኔ ዘንድ የሚደርሰው እሷን አስፈቅዶ ነው ማለት ይቻላል። (በእናቴ ዕድሜ ያለችን ሴት «አንቱ» አላለም ብላችሁ አትቀየሙኝ፤ አንቱታ ድሬ ላይ በባቡር አለፈ እንጂ አልወረደም።) ባለፈው ክረምት ግድግዳዋን ግማሹን ከነፍየሎቿ ወስዶባት ነበር። አዴ ዘይነባ ተወልዳ ያደገችው፣ አግብታ የወለደችው፣ ባሏንም የቀበረችው እዚያው ቤት ሆና ነው። «ዘንድሮም ከገባ ቤቱን ዘግቼ ልጄ ጋ ጅግጅጋ ነኝ» አለችን። «ውሃ ካስወጣኝ በኋላ ደግሞ ሰው አይመልሰኝም፤ ወላሂ።» የሴትዮዋ ወላሂ የዋዛ አልነበረም።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ታፈሰ ይህን ሰምተው ዝም አላሉም። (እሳቸው ከደጋ የመጡ ናቸውና አንቱታቸውን አልነካባቸውም።) ከዚራ ሰፈር አጠገብ ሥራውን የጨረሰ አንድ የመንገድ ፕሮጀክት ግቢ ውስጥ፣ ከፊቷ ሰፊ አካፋ ከኋላዋ ረጅም የመቆፈሪያ ክንድ ያላት አሮጌ እስካቫተር ቆማ ኖሯል። ቀበሌው ጤነኛ መሆኗን አረጋግጦ ከተረከበ፣ ከመንገዱ አፍ ላይ ቦይ ቆፍራ አፈሩን ትከምርልናለች። ለማረጋገጡ ኮሚቴ ተቋቋመ። በዚያ ዘመን መቼም ችግሩ ሳይወለድ ኮሚቴው ይወለድ ነበር። ጓድ ታፈሰ ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጣው ባቡር ነጂ ጋሽ በየነ የቴክኒክ ሰው፣ እኔ ደግሞ ሐኪም ተባልን። እኔ የማውቀው የሰው በሽታ ነው ብል፣ ጓድ ታፈሰ ምርመራ ምርመራ ነው፣ ሳይንስ አይከፋፈልም አሉኝ። በዚያን ጊዜ ከሳይንስ ጋር መከራከር ለጤና ጥሩ እንዳልነበር የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ግቢው ስንደርስ ኦፕሬተሩ አብዲ ጉንጩን በጫት ወጥሮ ተቀበለን። የእስካቫተሯ ቀለም ድሮ ቢጫ ነበር ይባላል። አብዲ ጎኗን ቸብ ቸብ አደረገና «ወላሂ ምንም በሽታ የለባት፤ ልክ እንደኔ ናት» አለ። አብዲን ከላይ እስከ ታች አየሁት። እዚያው ላይ ምርመራውን አቁመን ብንመለስ ኖሮ ምን ነበረበት?

ጋሽ በየነ ግን ትምህርቱን ጀመረ። የናፍጣ ሞተር ተንኮሉ የሚታወቀው በርዶ ሲነሳ ነው። ከሞቀማ ሁሉም ጨዋ ይመስላል፤ ሻጭ ሁሉ ገዢ ሳይመጣ አሙቆ የሚጠብቀው ለዚህ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሞተሩን ዳስሱ አለን። እኔም በሽተኛ ግንባር ላይ እንደማደርገው መዳፌን ጣል አደረግሁ፤ ተቃጠልኩ። ጋሽ በየነ፣ አስነስተሃታል ብሎ አብዲ ላይ ጮኸበት። አብዲ ምንም ሳይደነግጥ «አቦ! ፀሐይ ናት፤ ድንጋዩን ንካው» አለ። ድንጋዩን ነካሁ፤ ሌላው እጄም ተቃጠለ። የግቢው በር ያቃጥላል፣ የውሃው በርሜል ያቃጥላል፤ ያልዳሰስኩት ጓድ ታፈሰን ብቻ ነበር። ለመሆኑ ድሬ ዳዋ ላይ፣ ሰኔ እኩለ ቀን፣ ምን የበረደ ነገር ተገኝቶ ነው ሞተር በርዶ የሚገኘው? በጠዋት አትመጡም ነበር ወይ ትሉን ይሆናል። ጠዋት ስብሰባ ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ በርጫ፣ የጫት ሰዓት ነው፤ ድሬ ላይ የሰውን ከሰዓት የሚነካ አብዮትም ገና አልመጣም።

እንዲሁ ትነሳ ተባለና ተነሳች። ጋሽ በየነ የጭስ ማውጫዋ ሥር ቆሞ ያስረዳናል። ጥቁር ካጨሰች ከምታቃጥለው በላይ ትበላለች፤ ሰማያዊ ካጨሰች ዘይት ትጠጣለች፤ ነጩ ከቆየ ደግሞ ወይ ውሃ ገብቶባታል ወይ ናፍጣው ሳይነድ ያልፋል። ነገሩ ገባኝ፤ እኛም የአክታ ቀለም አይተን እንዲሁ ነው የምንለው። የእሷ ግን እፍ ብላ አንዲት ስስ ግራጫ ጭስ ለቀቀችና ጠራች። ጓድ ታፈሰ አልተዋጠላቸውም። ጭስ ማነስ የሥራ ፍላጎት ማነስ አይደለም ወይ? የሚሠራ ፋብሪካ ያጨስ የለም ወይ? በዚህ ላይ ብዙ ተወያየን። በመጨረሻ የእኔን ቃል ስለፈለጉ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ደረቷ ላይ ለጠፍኩ። ጆሮዬ ሊበጠስ ምንም አልቀረው። ምን ሰማህ ሲሉኝ፣ ሌላ ምን እላለሁ፣ ትርታዋ ደህና ነው አልኩ።

ቀጥሎ አካሄዷ ይታይ ተባለ። አብዲ ጓድ ታፈሰን ከጎኑ አስቀምጦ፣ እኔንና ጋሽ በየነን ከግራና ከቀኝ ጎማው በላይ አንጠልጥሎ፣ በከዚራ አስፋልት በዛፎቹ ጥላ ሥር አንሸራሸረን። እንዲህ ያለች ማሽን የመንገዱን ምት የሚውጥላት ባልስትራ ስለሌላት መዝለል አለባት፤ ኩላሊት ታወርዳለች ብሎ ጋሽ በየነ አስፈራርቶን ነበር። ኧረ ወዲያ! እንደ አልጋ ናት። ጓድ ታፈሰ እንቅልፍ ሸለብ ሊያደርጋቸው ነበር። ከአስፋልቱ ወጥተን ጉድጓድ ላይ እንሞክራት ያለ የለም፤ አካፋዋን መሬት አስነክሰን ስትገፋ ጭሷን እንይ ያለም የለም። ጎማዎቿ በግማሽ የተነፈሱ መሆናቸውን ያወቅነው በኋላ ነው፤ ለካ አልጋ ያደረጋት እሱ ኖሯል። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! ጤነኛ ናት ብለን ተረከብን። የቸገረው እርጉዝ ያገባል።

በሥራው ቀን በማለዳ፣ በድሬ ልክ በረድ ባለው ሰዓት፣ አብዲ ቁልፉን ሲያዞር እስካቫተሯ የደበቀችንን ሁሉ አወጣችው። መጀመሪያ ነጭ፣ ከዚያ ሰማያዊ፤ መንደሩ ጠፋ። ጭስ መውጫ አያጣም ይባላል፤ ይኸኛው መውጫ ብቻ ሳይሆን መግቢያም አላጣም፤ በአዴ ዘይነባ መስኮት ገባ። እያሳላት ወጣችና «ያ ረቢ፣ ውሃው ሳይመጣ በጭስ ልታስወጡኝ ነው?» አለች። ጓድ ታፈሰ የሥራ ጭስ ነው አሏት። የተነፈሱት ጎማዎች አሸዋው ላይ ምንም ሳይሰምጡ እየተንሳፈፉ ከመንገዱ አፍ አደረሷት። እዚያ አግድም ቆመች፣ ሁለት የጎን እግሮቿን ዘርግታ ተደላደለች፣ ክንዷን ወደ መሬት ሰደደች። ጥቂት አፈር አውጥታ ሁለተኛውን ስትዝቅ ጭሷ ጠቆረ፣ ሆዷ ውስጥ አንድ ነገር ቋ ቋ አለ፣ ከዚያ ዝም። ክንዷ መሬት ውስጥ እንደተቀበረ ቀረች።

ወዲያው ሂስና ግለ ሂስ ተጀመረ፤ ሁላችንም ለሌላው ሂስ ሰጠን፣ ግለ ሂስ ያደረገ ግን አልነበረም። እኔም አብዲን እያየሁ በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም አልኩ። አብዲ «ወሪያ፣ እሷ ለኔስ መቼ ነገረችኝ?» አለ። አዴ ዘይነባ ግን ማንንም አልወቀሰችም፤ ገብታ ፍራሿን መጠቅለል ጀመረች። ያን ጊዜ ቀልዴ ሁሉ ጠፋ። ይቅርታ ልጠይቃት ብገባ ገመዱን ያዝልኝ አለችኝ፤ እየቋጠረችም «አብሽር ልጄ፣ አንተ ምን ታደርግ፤ ለሰውም ቢሆን አስፕሪን ነው የምትሰጠው» አለችኝ። ያዘነ ሰው ሲያጽናናችሁ ምን ያህል እንደሚያሳፍር ያየ ያውቀዋል።

ጅግጅጋ የሚወስዳት መኪና ገና ሳይገኝ፣ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ደቻቱ አጓራ። ሁላችንም ወደ ከፍታው ሮጥን። ዋናው ጎርፍ ወንዙን ይዞ ሄደ፤ የእኛው ቅርንጫፍ እንደ ልማዱ ታጠፈና እስካቫተሯ ላይ ደረሰ። መጀመሪያ ይዞት የመጣው እሾህ በተዘረጉት እግሮቿ ተያዘ፤ እሾሁ ላይ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ቆርቆሮ፣ ቆርቆሮው ላይ ጉቶ፣ በሁሉም ላይ አሸዋ። በዓይናችን እያየን ግድብ ተሠራ። ውሃው ጥቂት ተንገዋለለና ከጓደኞቹ ጋር ተቀላቀለ። የአዴ ዘይነባ ደጃፍ አልረጠበም። ሴትዮዋ ወርዳ የእስካቫተሯን ጎን ዳበሰችና «አብሽሪ፣ አብሽሪ» አለቻት። ፍራሹን የፈታሁላት እኔ ነኝ፤ ደስ ብሎኝ ነው የፈታሁት።

ሰንበት ብሎ፣ ክረምቱ ገና ሳይጋመስ፣ የፕሮጀክቱ መካኒኮች ዕቃ ይዘው መጡ። ምኗንም ምኗንም ለወጡላት፣ ጎማዋን ነፉላት። ስትነሳ ጠዋት ነበር፣ በርዳለች፤ ግን ጥቁር የለ፣ ሰማያዊ የለ፣ ነጭ የለ። እንውሰዳት አሉ። ጓድ ታፈሰ ኮሚቴው መርምሮ ያስረክብ አሉ። ጋሽ በየነ ጭስ ማውጫዋን ቢያይ ቢያይ የሚተቸው ስላጣ፣ ሐኪሙ ይናገር ብሎ ወደ እኔ ገፋው። አዴ ዘይነባ በሯ ላይ ቆማለች። ታየኛለች።

ማዳመጫዬን አውጥቼ እስካቫተሯ ደረት ላይ ለጠፍኩ። እንዴት ያለ ያማረ ሞተር ነው! ቀና ብዬ ጓዶች፣ ታማለች አልኩ፤ ክረምቱ እስኪወጣ ከተኛችበት ንቅንቅ እንዳትል። የመካኒኮቹ አለቃ ጭስ እንኳ የላት፣ የቱ ጋ ነው በሽታው ብሎ አፈጠጠብኝ። ጭስ ያለውን በሽታማ ማንም ያውቀዋል፣ አደገኛው ይኸኛው ነው አልኩት። ጓድ ታፈሰ ግድቡን አዩ፣ እኔን አዩ፣ የሐኪም ቃል ይከበር አሉ።

በዚህ መሀል አብዲ ጠጋ ብሎ በጆሮዬ «ያ ዶክተር፣ ይህን ያህል ለታመመች አስታማሚ አታዝዝላትም?» አለኝ። አዘዝኩላት። አዴ ዘይነባ ምሳውን እየላከችለት፣ ጫቱን ይዞ በጥላዋ ሥር ጋደም ብሎ ሲያስታምማት ከረመ። መስከረም ሲጠባ በሽተኛዋን ለማስነሳት አንድ ቁልፍ በቃ፤ አስታማሚውን ለማስነሳት ግን ኮሚቴ አቋቋምን።