የጋሼ ደርቤ ቁጥቋጦ

በየሰፈሩ ማንም ሳይሾመው ሥልጣን የያዘ አንድ ሰው አይጠፋም። አንዱ የመንገድ መብራት ይቆጣጠራል፣ ሌላዋ የሰው ልጅ የት እንዳመሸ ታጣራለች። ለእኛ ለደባርቆች የደረሱን ክቡር ጋሼ ደርቤ ናቸው፤ ግዛታቸውም በቤተ ክርስቲያናችን ግቢ፣ ከጥዶቹ ሥር ያለው ቁጥቋጦ ነው።

ቁጥቋጦው ውስጥ ወፍ አለች። አመድማ ናት፤ ግንባሯ ነጣ ይላል፣ ከጅራቷ ሥር የሸክላ ቀለም አላት። ጎንበስ ብሎ ላልፈለጋት አትታይም። ጋሼ ደርቤ ግን ስለ እመቤት እንደሚያወራ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ከኢትዮጵያ ውጭ የለችም» ይላሉ፣ ፓስፖርት የከለከሏት እሳቸው ይመስል።

ቁጭ ማለት አያውቁም። ከቅዳሴ ስንወጣ ሰላምታቸው ጣት ከንፈር ላይ አድርጎ «ቀስ!» ማለት ነው። ሙሽሮች ፎቶ ሊነሡ ወደ ጥዱ ሲጠጉ «ቀስ!» የዳባት ሚኒባስ ከአጥሩ ውጭ ጥሩምባ ከነፋ ሹፌሩ ድረስ ሄደው ይገሥጹታል። አንድ ጊዜማ ለቀስተኛውን በወዲያኛው በር አልቅሱ ብለው ለምነዋል።

ስለ ዜማዋ ከተነሣ ደግሞ ተያዛችሁ። ወንዱ ይመራል፣ ሴቷ ትቀበላለች፤ ልክ እንደ ማሕሌቱ ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ። ከእኛዎቹ ይልቅ እንደሚስማሙም ሳይጠቅሱ አያልፉም።

ዘንድሮ ለግንቦት ማርያም ንግሥ ግቢውን ልናጸዳ ተሰበሰብን። የእኛ ምእመን ለበዓል አሳመረ ማለት ከሥሩ መነገለ ማለት ነው፤ የዳሱም ቅጠል የሚቆረጠው ከዚያው ነው። ጋሼ ደርቤ ለዓይናቸው ሕክምና ጎንደር ነበሩ። ከመሄዳቸው በፊት ደጄ ላይ ቆመው፣ እንቁላል ላይ ናት አደራ አሉኝ። እንዲሄዱልኝ ብዬ እሺ አልኋቸው።

እኔም እንደ ሰው ገጀራ ይዤ መጣሁ። ጎረቤቴ የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ ሲይዝ ወንዱ ከውስጥ መራ። የሚቀበለው ጠፋ። ጠበቅሁ፤ አሁንም ዝም። ሳላስበው ቁጥቋጦው ፊት ቆሜ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌአለሁ።

«ቀስ!»

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ቄሰ ገበዝ ሃብተ ጊዮርጊስ ግን ምን ሆነሃል ብለው ጠየቁኝ።

«አባቴ፣ ታቅፋለች። ይህን ከነቀልነው የምትገባበት የላትም።»

ቄሰ ገበዙ ወደ ቁጥቋጦው ጎንበስ ብለው አዩ።

«ለዳሱ ከባሕር ዛፉ ቁረጡ» አሉ።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለኝም፤ ጠዋት ማታ እየሄድሁ አያለሁ። ጋሼ ደርቤ ከጎንደር ሲመለሱ ቤታቸው ሳይገቡ፣ አንድ ዓይናቸው እንደታሸገ በቀጥታ መጡ። እዚያው ስንጎራደድ አገኙኝ።

«ሁለቱም አሉ?»

መልስ ልሰጥ ስል ወንዱ መራ። ሴቷ ተቀበለች።

ጋሼ ደርቤ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ተቀምጠው ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው፤ እንዴት ደስ እንዳለኝ። ወዲያው የዳባት ሚኒባስ ከአጥሩ ውጭ ጥሩምባውን ነፋ።

ሹፌሩን ላነጋግረው ወጣሁ።