ዱዓ መሀል የመጣው ኔትወርክ

ያን ዕለት መርሳ ከተማ፣ እኔ ስልክ ከምጠግንባት ክፍል ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን፦ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ዩኒቨርሲቲ የምትመርጠው ዘይነብ፣ አባቷ ሼህ ይማም፣ ሊያማክሯት የመጡት የግቢ ተማሪዎች ዳዊትና ከድር፣ እና እኔ።

አማካሪ የሚባለውን ተማሪ ታውቁታላችሁ? ዓመቱን ሙሉ ግቢውን ሲያማ ይከርማል፤ ምርጫ ሲደርስ ግን አንደኛ ላይ የሚያስሞላው እሱኑ ነው። ምን ያድርግ፣ ብቻውን ይማረር?

ምርጫው የሚዘጋው በዚያው ቀን ነበር፤ ኔትወርክ ደግሞ ጠፍቷል። ዳዊት የዘይነብን ስልክ ይዞ የራሱን ግቢ አንደኛ ያደርጋል፤ ከድር ይቀበለውና የእሱን ያስቀድማል።

«እናንተ ጋ እኮ ውኃ እንኳ የለም» ይላል ዳዊት።

«የእናንተን ካፌ ዳቦ አናውቀውምና ነው?» ይላል ከድር።

ዘይነብን ምን ትፈልጊያለሽ ያላት የለም። ጥፍሯን ትበላለች።

ሼህ ይማም ሰለቻቸውና «በሉ ዱዓ እናድርግ» አሉ። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፤ ዳዊትም ሳይቀር ሁላችንም እጃችንን ዘረጋን። ኔትወርኩ የመጣው ይኼኔ ነው። ዱዓ መሀል እጁን የሚያወርድ ማን ነው? ዓይናችን ስልኩ ላይ ተተክሎ «አሚን» እንላለን፤ ሼሁ ግን ገና ዝናቡን እንኳ አልለመኑም።

በመጨረሻ፣ እጃቸውን እንደዘረጉ፣ «ያ አላህ፣ ልጄ ቶሎ ነክታው ትመለስ» አሉ።

«አሚን» አልን።

ለመላክ አንድ ጊዜ መንካት ይበቃል። ዘይነብ ግን ስልኩን ወደ ራሷ አዘንብላ ደጋግማ ነካካችና እጇን መልሳ ዘረጋች።

ምደባው ገና አልወጣም። አማካሪዎቿ እንቅልፍ የላቸውም፤ እሷም የትኛውን እንዳስቀደመች አትናገርም። ከመካከላችን ስልኩን በጎን ያየ ካለ፣ እባካችሁ የጎደለውን ይጨምርበት።